ጉዳይ የሌለው መንገድ

በአገራችን አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ሲጀምር ያገኘው ሁሉ «ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ተጠያቂውም ወደ ችሎት፥ ወደ ለቅሶ፥ ወደ ማኅበር ወይም ወደ ገበያ መሄዱን ይናገራል እንጂ፥ «ወዴትም አይደለም፤ እንዲሁ እሄዳለሁ» ብሎ ቢመልስ ጠያቂው የሰውየውን ጤንነት መጠራጠሩ አይቀርም። ቀድሞ ባለማዕርግ የሆነ ሰው በበቅሎ ተቀምጦ፥ አሽከሮቹን አስከትሎ ይሄድ ነበር፤ በኋላም አቶሞቢል መጣና በቅሎውን ተካ። በእግር መሄድ ግን የድኻና የመልእክተኛ ዕጣ ሆኖ ቀረ። ይህን የምጽፈው እኔም ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳገለግል፥ ከበር እስከ መኪና፥ ከመኪና እስከ ጠረጴዛ ካልሆነ በቀር በእግሬ መሄዴን አላስታውስም። እንግዲህ በስተርጅና እንግሊዝ አገር ተሻግሬ፥ በጫካ ውስጥና በጠፍ ሜዳ ላይ፥ በውሃ ቦይም ዳር፥ አንዳች ጉዳይ ሳይኖረኝ በእግሬ ስመላለስ መክረሜን ብነግራችሁ፥ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ እንዳትስቁብኝ እለምናለሁ።

የሄድሁበት ምክንያት ይህ ነው። ሴት ልጄ ከባልዋና ከልጆችዋ ጋራ በሰሪ አውራጃ፥ ዎኪንግ በምትባል ከተማ ትኖራለች፤ ከተማይቱ ከሎንዶን በስተደቡብ ምዕራብ፥ በባቡር የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ናት። እናትዋ፥ ማለት ባለቤቴ፥ ካቻምና በጥር ወር ዐረፈች። ልጄ በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ልጅዋን ፀንሳ ሰባት ወር ሞልቷት ነበርና፥ ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም በሚለው ልማዳችን አመካኝቼ ደበቅኋት። በየእሑዱ ስትደውል «እናትሽ ጸበል ሄዳለች፤ ያለችበት ቦታ ስልክ አይገባም» እያልሁ ዐሥራ አራት እሑድ ዋሸኋት። ወንድ ልጅ ወልዳ፥ ሕፃኑም በአርባ ቀኑ ክርስትና ከተነሣ በኋላ፥ እዚያው የሚኖሩ ያገራችን ሰዎች ተሰብስበው ሊነጋ ሲል በርዋን አንኳኩ። እኔም «እናትሽ ራስዋ አትንገሯት ብላ አዝዛ ነበር በሏት» ብዬ ልኬባቸው ነበር። ይህን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

ከዚያ ወዲህ ልጄ በየእሑዱ መደወልዋን አላቋረጠችም። ነገር ግን «እንደምን ሰነበቱ? መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ብላ፥ መልሴን ሰምታ፥ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትዘጋለች። አክብሮቱ ምንም አልጎደለም፤ የጎደለው ሌላ ነበር። ባለፈው ሐምሌ የመንገድ ወጪዬን ችላ ስታስመጣኝም በቤትዋ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ምግቡ ይቀርባል፥ አልጋው ይነጠፋል፤ ማታ ማታ ግን በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተቀምጠን የሚነገር ነገር እናጣለን። በዚያ አገር በበጋ ፀሓይዋ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ አትጠልቅምና፥ በመሸልኝና ወደ መኝታዬ በሄድሁ እያልሁ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

ሳምንት ያህል እንዲህ ከቆየን በኋላ ልጄ፥ እዚህ አገር ያለው ሐኪሜ ስለ ስኳሬ በየቀኑ በእግር እንድሄድ ያዘዘኝን ትእዛዝ አስታወሰችና «አባባ፥ ቅዳሜ ጧት እንውጣ» አለችኝ። ውሃ የማያስገባ፥ ሶሉ የደነደነ ጫማም ገዛችልኝ።

«ወዴት ነው?» አልኋት።

«ወዴትም» አለችኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የሄድነው በጫካ ውስጥ ነው። ከከተማይቱ በስተሰሜን ሆርሴል ኮመን የሚባል ሰፊ የወል መሬት አለ። የወል መሬት ማለት በጥንት ጊዜ የአካባቢው ሰዎች ከብት የሚያሰማሩበት፥ ማገዶና ሣር የሚያጭዱበት፥ ለብቻው የሚያርሰው ሰው የሌለ መሬት ነው። ይህን መሬት የሚጠብቅ የአገሬው ሰዎች ማኅበር በ1910 ዓ.ም. ተቋቁሞ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የእንግሊዝን አገር ታሪክ ስናገር የዘመኑ ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) እስከ ዛሬ ይሠራል። በመንገዱ መገናኛ ላይ ትንንሽ የእንጨት ምሰሶዎች ተተክለው ቀስት ተሥሎባቸዋል፤ ቢጫው ለእግረኛ ብቻ የተፈቀደ መንገድ መሆኑን ያመለክታል፥ በሰማያዊው ግን ፈረሰኛም ሊሄድበት ይችላል። እኔ የሕግ ነገር የለመድሁ ሰው ነኝና ይህ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቅሁ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው ሕግ በእያንዳንዱ አውራጃ ያሉት የእግር መንገዶች ሁሉ በካርታ ተመዝግበው እንዲጠበቁ ተደረገ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በወል መሬትና በጠፍ ሜዳ ላይ ማንም ሰው ከመንገዱ እንኳ ወጥቶ በእግሩ እንዲዘዋወር ተፈቀደ። የግል ርስትን አቋርጦ የሚያልፍ መንገድ ቢሆን እንኳ ባለርስቱ ሊዘጋው አይችልም። በርስትና በወሰን ክርክር ስንት መዝገብ ያገላበጥሁ ሰው ስሆን፥ ሰው ሁሉ እንዲሁ ለመሄድ ብሎ ብቻ በመሬት ላይ መብት ሊኖረው መቻሉን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ስለ ጫካው ብዙ የምለው የለኝም። ቅርፊቱ እንደ ብራና የነጣ በርች የሚባል ዛፍ አለ፥ ኦክ የሚባለውም ሰፊው ዛፍ አለ፥ ጥድ የሚመስልም ሞልቷል። መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ ልጄ ከፊት፥ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን፤ የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄም እንደ ቡችላ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል። የገረመኝ አንድ ነገር ይህ ነው። በከተማው መንገድ ላይ ዓይኑን አንሥቶ የማያይህ እንግሊዛዊ፥ በጫካ ውስጥ ሲያገኝህ «እንደምን አደርህ» ይልሃል፤ ውሻውም ያሸትሃል። ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን፤ የተነጋገርነው የዛፍ ስም ብቻ ነበር። ሆኖም ከቤት ውስጡ ዝምታ ይህኛው ቀለለኝ። በጠረጴዛ ላይ ዝም ያለ ሰው እንደ ተቀየመ ይታያል፤ በመንገድ ላይ ዝም ያለ ሰው ግን መንገዱን እንደሚሄድ ይቆጠራልና።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወደ ሜዳው ወጣን። እነርሱ «ሂዝ» የሚሉት ይህ ሜዳ፥ አሸዋማና ለእርሻ የማይረባ፥ ከጉልበት በታች በሚቀር ቁጥቋጦ የተሸፈነ መሬት ነው። የሄድንበት ወራት ነሐሴ ነበርና ቁጥቋጦው ሁሉ አብቦ፥ ሜዳው ዓይን እስከሚደርስበት ሐምራዊ ሆኖ ጠበቀን። በመካከሉ እሾሃም የሆነ ቢጫ አበባ ያለው ተክል እዚህም እዚያም ቆሟል። ነፋስ ሲነፍስ የንብ ድምፅ ይመጣል።

እንዲህ ያለውን ቦታ ሰው ሲያየው ከፍጥረቱ ጀምሮ ባዶ የነበረ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከሦስትና ከአራት ሺሕ ዓመት በፊት፥ ሰዎች በነሐስ መሣሪያ ይሠሩ በነበረበት ዘመን፥ ዛፉን መንጥረው አረሱት፤ አሸዋማው አፈር ፈጥኖ ኀይሉን ሲያጣ ከብት አሰማሩበት። የዚያ ዘመን ሰዎች ለሙታናቸው የቈለሏቸው ክብ የመቃብር ጕብታዎች እስከ ዛሬ በዚሁ ሜዳ ላይ ይታያሉ። ከዚያ ወዲህ ድኻው ሁሉ ቁጥቋጦውን ለማገዶና ለከብት ጕዝጓዝ እያጨደ፥ ከብቱም ቡቃያውን እየጋጠ፥ ዛፍ ተመልሶ እንዳይበቅል ከለከሉት። የድንጋይ ከሰል በየቤቱ ሲገባና ከብት ማሰማራቱ ሲቀር ግን በርቹና ጥዱ ተመልሰው መጡ፤ አብዛኛው የሰሪ አውራጃ ጠፍ ሜዳም በዚህና በቤት ሥራ ምክንያት ጠፋ። ስለዚህ ዛሬ ማኅበሩ ዛፍ እየቆረጠ ሜዳውን ያድናል። የተቆረጠውን የችግኝ ጕቶ ባየሁ ጊዜ «እኛ ዛፍ ትከሉ እየተባልን፥ እነዚህ ይነቅላሉ እንዴ!» ብዬ ሳቅሁ። ልጄ ግን በምድር ላይ እንቁላል የሚጥል ወፍና በአሸዋው ውስጥ የሚኖር እንሽላሊት ለመኖሪያቸው እንዲህ ያለ ሜዳ እንደሚያስፈልጋቸው አስረዳችኝ። ስለዚህም ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ፥ በነርሱ አቈጣጠር ማለቴ ነው፥ ውሻውን በአጭር ገመድ ሳያስር እዚያ የሚያልፍ ሰው ሕግ ተላለፈ ይባላል።

የልጅ ልጄ ወፉንም እንሽላሊቱንም አልፈለገም። አሸዋ የተቈፈረበት ትልቅ ጕድጓድ አለና ወደዚያ ጎተተኝ። ኤች ጂ ዌልስ የሚባለው ደራሲ በ1895 ዓ.ም. ወደ ዎኪንግ መጥቶ ሲኖር «የዓለማት ጦርነት» የተባለውን መጽሐፉን ጻፈ፤ ማርስ ከምትባለው ፕላኔት የመጡት ጠላቶችም መጀመሪያ የወደቁት በዚህ ሜዳ ላይ እንደ ሆነ አድርጎ ተረከ። ልጁ ይህን እንደ እውነተኛ ታሪክ ነው የሚናገረው። ቦታውን በጣቱ አሳየኝ፤ እኔም ጠላት ወርዶበት የነበረ አገር ሰው እንደ መሆኔ በሚገባ ተመለከትሁት።

ከጕድጓዱ ስንመለስ ልጄ ጐንበስ ብላ ከቁጥቋጦው አንዲት ዘለላ ያዘችና «ይህን ያውቁታል?» አለችኝ። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፥ አበባውም እንደ ትንሽ ደወል ያለ ነው። አፌን ሳላስተካክል «አስታ!» አልሁ። ስሜን ጠርቶ እንደ ቆመ ዘመድ ነበር የሆነብኝ። በእውነትም ዘመዱ ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ደወል አበባና የስሜንን አስታ ኤሪካ በሚል በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። ልዩነቱ የኛው በስሜን ተራራ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ዛፍ ሆኖ፥ ሽበት የመሰለ ሽበቱን አንጠልጥሎ መቆሙ፥ የነርሱ ደግሞ ከጉልበት በታች መቅረቱ ነው። ባለቤቴ የደባርቅ ልጅ ነበረች። በልጅነትዋ ከእኅቶችዋ ጋራ የአስታ እንጨት ስትለቅም፥ ብርዱ ጣቶችዋን አደንዝዟቸው እንጨቱን በክንድዋ ታቅፋ ስትወርድ የነበረውን ብዙ ጊዜ ነግራኛለች።

«እማማ ለኔም ነግራኛለች» አለች ልጄ። «ሲነድ ሽታው ደስ ይላል ትል ነበር።»

ከመጣሁ ጀምሮ የእናትዋን ስም ያነሣችው ያን ጊዜ ነው። እኔም አንድ ቃል ልመልስ ስል ቃሉን አጣሁት።

ከሜዳው ጫፍ፥ ወደ ከተማው በሚመለሰው መንገድ አጠገብ፥ በቀይ ጡብ ቅጥር የታጠረ፥ በሩ ላይ እንደ ሕንድ ቤት ጕልላት ያለበት አንድ ቦታ አለ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ ንጉሥ ሲዋጉ ቈስለው በደቡብ እንግሊዝ ሆስፒታሎች የሞቱት የሕንድ እስላሞች ወታደሮች የተቀበሩበት ነው። ዎኪንግ የተመረጠችው በ1889 ዓ.ም. የተሠራ መስጊድ ስለ ነበራት ነው፤ ጀርመኖችም «እንግሊዞች ሙታናችሁን እንደ ሃይማኖታችሁ አይቀብሩላችሁም» ብለው ያስወሩ ነበርና፥ መንግሥት ይህን ሐሜት ለማስቀረት መካነ መቃብሩን አሳምሮ አሠራው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የተጨመሩ አሉበት። በ1968 ዓ.ም. አስከሬኖቹ በአቅራቢያው ወዳለው ወደ ብሩክውድ የወታደሮች መቃብር ተዛወሩ፤ ባዶው ቅጥርም ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ በ2015 ዓ.ም. የሰላም አትክልት ቦታ ተብሎ ተከፈተ። ከሂማላያ የመጣ ነጭ በርች 27 ተተክሏል፤ ለእያንዳንዱ ወታደር አንድ ዛፍ ማለት ነው። ስማቸውም በድንጋይ ተቀርጿል።

ልጄ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች። ከዚያም ወደኔ ሳትዞር «የነዚህ እናቶች መርዶው መቼ ደርሷቸው ይሆን?» አለች።

እኔ ከዘራዬን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ዛፎቹን መቍጠር ጀመርሁ። ቤት እስክንገባ ሌላ አልተናገርንም።

በሦስተኛው ቅዳሜ በቦዩ ዳር ሄድን። ይህ ቤዚንግስቶክ የሚባለው የውሃ ቦይ ከተማይቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ፓርላማው በ1778 ዓ.ም. ፈቅዶ፥ ቍፋሮው በ1788 ተጀምሮ፥ በ1794 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሳቡ የሃምፕሽርን እህልና እንጨት በጀልባ ወደ ሎንዶን ለማውረድ፥ ከሎንዶንም ከሰል ለማምጣት ነበር። ጀልባውን በገመድ የሚጎትት ፈረስ ነው፤ ዛሬ እግረኛ የሚንሸራሸርበት መንገድ የፈረሱ መንገድ ነበረ። ስለዚህ ዳገትና ቍልቍለት እምብዛም የለውም፥ ጉልበቱ ለደከመ ሰውም ይመቻል። ነገር ግን ባለቦዮቹ አልቀናቸውም። ትርፉ ከተገመተው አነሰ፤ በኋላም ምድር ባቡር መጥቶ ጭነቱን ወሰደባቸው። ባለቤቱ እየተለዋወጠ፥ በ1932 ዓ.ም. በምዕራብ በኩል ያለው የግሬይዌል ዋሻ ተደረመሰ፤ ከ1949 ዓ.ም. በኋላ ጭነት የሚያመላልስ ጀልባ ቀረ፤ ውሃው ደረቀ፥ በሩ በሰበሰ፥ ቦዩም ጭቃና ደንገል ሆነ።

በ1966 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎች ማኅበር አቋቋሙና ይህን ቦይ እናድሳለን ብለው ተነሡ። ሁለቱ አውራጃዎች ቦዩን ገዙት፤ ማኅበርተኞቹም በዕረፍት ቀናቸው ያለ ደመወዝ ጭቃውን እየዛቁ፥ ጡቡን እየካቡ ብዙ ዓመት ሠሩ። በ1991 ዓ.ም. ከዋሻው ወዲህ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደገና ለጀልባ ተከፈተ። ዋሻው ግን እንደ ፈረሰ ቀርቶ የሌሊት ወፍ ይኖርበታል፤ የሌሊት ወፎቹም በሕግ ስለሚጠበቁ የሚነካው የለም። አንዳንድ በጋ ውሃው ያንሳልና ጀልባው ይቆማል፤ ባለፈው ነሐሴ እኛ በሄድንበት ቀን ግን ነበረ። በዳርና በዳር አኻያና ሌላም ዛፍ ተጐንብሶበታል፤ ባለ አራት ክንፍ የውሃ ተርብ ሰማያዊም አረንጓዴም እየሆነ ያንዣብባል። ዳክዬዎች የልጅ ልጄን ዳቦ ከእጁ ሊነጥቁት ደረሱ።

ሴንት ጆንስ ከሚባለው ሰፈር ስንደርስ ከውሃ በሮቹ አንዱን አገኘን። በቦዩ ላይ 29 አሉ። ውሃ ተራራ አይወጣምና፥ ጀልባን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው የሚያወጡት እንዲህ ነው። በሁለት ጥንድ በሮች መካከል በጡብ የተገነባ ጥልቅ ክፍል አለ። ጀልባው በታችኛው በር ገብቶ በሩ ይዘጋበታል፤ ከዚያ በላይኛው በር ያለውን የውሃ መልቀቂያ በመዘውር ይከፍቱና ክፍሉ ቀስ በቀስ ይሞላል፥ ጀልባውም አብሮ ይነሣል። ሞተር የለም፥ ሁሉም በሰው እጅ ነው። በእያንዳንዱ በር ላይ እንደ ሞፈር ረዝሞ የወጣ ወፍራም ግንድ አለ፤ በሩ የሚከፈተው ያን ግንድ በጀርባ በመግፋት ነው። ታዲያ ውሃው በበሩ ግራና ቀኝ እኩል እስኪሆን ድረስ አሥር ጐልማሳ ቢገፋው ንቅንቅ አይልም።

አንድ ሽማግሌና ሚስቱ በጀልባ መጥተው ነበርና፥ ሰውየው «ብትረዱኝ» አለን። ልጄና እኔ ግንዱን ተደግፈን ጐን ለጐን ቆመን ውሃው እስኪሞላ ጠበቅን። የልጅ ልጄ ሆዱን በምድር አስተኝቶ ወደ ክፍሉ ውስጥ ይመለከታል።

«አባባ» አለች ልጄ፥ ዓይንዋን ከውሃው ሳታነሣ፥ «አትንገሯት ያለችው በእውነት እማማ ራስዋ ነች?»

ይህን በጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ጠይቃኝ ቢሆን «አዎን» ብዬ እመልስ ነበር። መልሱን አንድ ዓመት ተኩል አዘጋጅቼ ይዤው ነበርና። እዚያ ግን የማየው ውሃውን ብቻ ነበር፤ እርስዋም ውሃውን ታያለች።

«አይደለችም» አልኋት። «ሐሙስ ማታ ‹የልጄን ድምፅ አሰሙኝ› አለች። ትደነግጣለሽ ብዬ ፈራሁና ‹ነገ እናገናኝሻለን› አልኋት። በማግሥቱ አፍዋ ተያዘ። ቅዳሜ ዐረፈች። አትንገሯት ያልሁት እኔ ነኝ። እርስዋ ነች ያልሁትም እኔው ነኝ።»

ልጄ አላለቀሰችም፥ አልተናገረችም። ከግንዱ ግን አልተነሣችም። ሽማግሌው ከወዲያ ማዶ «አሁን!» ብሎ እጁን አነሣ። ጀርባዋን ሰጥታ መግፋት ጀመረች፤ እኔም ገፋሁ። በሩ መጀመሪያ እምቢ ብሎ፥ ኋላ በጣም በቀስታ ተነቃነቀ። ጀልባው ወጥቶ ሄደ፤ ሰዎቹም አመሰገኑን።

ከዚያ ልጄ ፈጥና ከፊት ሄደች። እኔ ከኋላ ቀረሁ። በመካከላችን ወደ መቶ ክንድ ያህል ሆነ፤ ልጁ ብቻ ከርስዋ ወደኔ፥ ከኔ ወደርስዋ ይመላለሳል። አንድ ጊዜ መጥቶ «አያቴ፥ እማዬ ደክሞሃል ወይ ትላለች» አለኝ። (እዚያ ተወልዶ ያደገ ስለ ሆነ «እርስዎ» ማለትን ገና አልተማረም።) «አልደከመኝም በላት» ብዬ ላክሁት። ደክሞኝ ነበር።

ከሚቀጥለው የውሃ በር አጠገብ አግዳሚ ወንበር አለ። ልጄን እዚያ ተቀምጣ አገኘኋት። ፔርሙዙን ከፍታ ሻይ ቀድታ፥ ኩባያውን በሁለት እጅዋ አቀበለችኝ። ከዚያም ማልቀስ ጀመረች። «እኔ እኮ» አለች፥ «እናቴ ድምፄን ሳትፈልገው ሞተች ብዬ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የኖርሁት።» እኔ ይቅርታ እንድታደርግልኝ ለመንኋት። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም፤ አልልምም አላለችኝም። ልጁ የእናቱን ጉልበት አቅፎ ዝም ብሎ ቆመ። ሻዩ ቀዝቅዞ እስኪጠጣ ድረስ ተቀምጠን፥ በመጣንበት ተመለስን።

በሳምንቱ ውስጥ ነገሩ አልተነሣም። እኔም ዕቃዬን ማሰናዳት ይሻላል ወይስ መቆየት እያልሁ ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትሁ። አራተኛው ቅዳሜ በዝናብ ነጋ፤ እንደኛ ክረምት የሚወርድ ሳይሆን እንደ ወንፊት የሚነፋ ቀጭን ዝናብ ነው። ዛሬስ መውጣት የለም ብዬ በመስኮት ስመለከት ልጄ ገባች። ጫማዬን ይዛለች። ጭቃውን አራግፋ፥ እንዲደርቅ ጋዜጣ ጠቅጥቃበት ነበርና እርሱን እያወጣች፥

«በየት በኩል ይሻልዎታል? በሜዳው ነው በውሃው?» አለችኝ።

«በውሃው» አልኋት።

ልጁን ከአባቱ ዘንድ ትተን ሁለታችን ወጣን። በመንገዱ ላይ ከኛ በቀር ሰው አልነበረም፤ መንገዱም ለሁለት ሰው ይበቃል። ከጥር መባቻ ጀምራ ጠየቀችኝ። ማን ማን እንደ ጠየቃት፥ ምን እንደ ቀመሰች፥ የትኛውን ጋቢ እንደ ለበሰች፥ ሐሙስ ማታ ትራሷን ማን ከፍ እንዳደረገላት፥ ድምፅዋ ምን ይመስል እንደ ነበር፤ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ታስደግመኛለች። ያወቅሁትን ሁሉ ሳልቀንስ ነገርኋት። ሦስት ሰዓት ያህል ሄድን። ዝናቡ አላባራም ነበር፥ እኛም አልተመለስንም።